የፀሐይ ግርዶሽና ከመተማ በላይ ያለው አየር

መተማ ዮሐንስ ስትነሣ አስቀድሞ የሚታወሰው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነትና የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሞት ነው። ነገር ግን የዚህ ጠረፍ ሰማይም ለምርመራ የሚበቃ ታሪክ አለው።

የካቲት 17 ቀን 1944 ዓ.ም. የጨረቃ ጥላ በካርቱም ላይ ሲያልፍ ፀሐይ 3 ደቂቃ ያህል ፈጽማ ተሰወረች። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ሊቃውንትም መሣሪያቸውን ተክለው ጠበቋት። ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በመተማ ግርዶሹ ከፊል ነበር።

ሊቃውንት ግርዶሽን የሚከታተሉበት አንዱ ምክንያት የላይኛው አየር ነው። እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን በ1930 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅንን ይከፍላል፤ ከተከፈለውም ኦዞን ይሠራል፤ ያው ብርሃን ደግሞ ኦዞኑን መልሶ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ብርሃኑ በድንገት ሲቀንስ የሠሪውና የአፍራሹ ሥራ ተለይቶ ይታያል። ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው ኦዞን ለውጡ ዝግ ያለ ስለሆነ በግርዶሽ እምብዛም አይነካም። ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ግን እንደ ሌሊት ይጨምራል። ከ70 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው ክፍል ደግሞ መጠኑ እጅግ ጥቂት የሆነው ናይትሪክ ኦክሳይድ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮን እያጣ የራዲዮ ሞገድን የሚያደክም ንጣፍ ያበጃል። ግርዶሽ ሲሆን ንጣፉ ስለሚሳሳ፣ በሌሊት ብቻ የሚሰማ የሩቅ ጣቢያ በቀን ሊሰማ ይችላል።

ቻፕማን ከ1957 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. የዋለውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ያዘጋጀው ጉባኤ ሊቀ መንበር ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻም የተቋቋመው በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ የ1944ቱ ግርዶሽ ሲያልፍ ይህ ጣቢያ ገና አልነበረም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ ሲታይና መተማም ከፊሉን ስታይ፣ እንጦጦ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ነበረን። ሆኖም ከዋክብትን የሚያይ መነጽር የላይኛውን አየር ጋዞች ለመለካት አይበቃም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ሙሉ ግርዶሽ በላይኛው ግብፅ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል፤ በመተማም ከፊሉ ይታያል። ውድ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ከግርዶሹ በፊት፣ በግርዶሹ ጊዜና ከዚያም በኋላ፣ ደግሞም በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ የአንድ ሩቅ ራዲዮ ጣቢያ ድምፅ መበርታቱንና መድከሙን በየ5 ደቂቃው የሚጽፍ ተማሪ ስለ ላይኛው አየር እውነተኛ ማስረጃ ይይዛል። ከ1944 ዓ.ም. ጀምሮ የጎደለንም ግርዶሽ ሳይሆን በቦታው የሚመዘግብ ሰው ነው።