የጣሊያን «ወዳጅነት» እና የእኛ ቁስል

 

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በማይጨው ድል ከሆኑ በኋላ መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ አዙረው ጸሎት አድርሰዋል። በዚያው ሰሞን፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ የጣሊያን ጦር ደሴን ያዘ። ሆኖም ጣሊያን ወሎን ማየት የጀመረችው ያን ቀን አልነበረም። ይህ ታሪክ እኛን ሙስሊሞችን በተለይ ይመለከተናል፤ «እስላሙ ከጣሊያን ጋር ነበር» የሚለው ወቀሳ ዛሬም አልፎ አልፎ ሲነሳ እንሰማለንና።

አገራችን በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በታኅሣሥ 1918 ግን እንግሊዝና ጣሊያን እኛን ሳያማክሩ ተስማሙ። አንዷ የጣናን ውኃ፣ ሌላዋ ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ የባቡር መስመር ፈለገች። ራስ ተፈሪ ለማኅበሩ አቤት አሉ። ሐምሌ 26 ቀን 1920 ደግሞ ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተፈረመ፤ ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራም ተስማሙ። ያ መንገድ እስከ ወረራው ድረስ አልተሠራም። በደሴ፣ በጎንደርና በዐድዋ የነበሩት የጣሊያን ቆንስላዎች ግን ሥራ አልፈቱም፤ ከመንግሥት የተቀያየመውን ሰው እየፈለጉ ያባብሉ ነበር።

ቅያሜ ደግሞ ሞልቶ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ አባቶቻችን ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዋል። በ1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አንዱ ክስ ከእስልምና ጋር መወዳጀታቸው ነበር። ጣሊያን ይህን ቁስል አሳምራ ታውቀው ነበር። ከ1926 ዓ.ም. ጀምሮ የባሪ ራዲዮ በዐረብኛ ያሰራጭ ጀመር። ከወረራው በኋላም መስጊድ አሠራች፣ ለሐጅ ተጓዦች ገንዘብ ሰጠች፣ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አደረገች። ሙሶሊኒ መጋቢት 9 ቀን 1929 በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» ተሸልሞ ራሱን የሙስሊሞች ጠበቃ አደረገ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጠበቃ ማን ነበር? በመስከረም 1924 ዓ.ም. አዛውንቱን የቁርኣን መምህር ዑመር አል-ሙኽታርን በሊቢያ የሰቀለው መንግሥት ነው። የሊቢያን ሙስሊም ከነቤተሰቡ፣ ከነከብቱ በሽቦ አጥር ያጎረው እሱው ነው። በአዲስ አበባ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ወር እንኳ ሳይሞላ ነው ሰይፉን የጨበጠው። በግንቦት 1929 የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሲያስፈጅ ሙስሊም ወታደሮችን መርጦ አሰለፈ፤ ደሙ በእኛ ስም እንዲፈስ ነው።

እውነቱን አንደብቅም፤ ከእኛ ወገን በስጦታው የተታለለ ነበር። ግን ክህደት የአንድ ሃይማኖት አልነበረም፤ የንጉሡ አማች ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ገና ጦርነቱ ሲጀመር ለጣሊያን ገብቷል። ሶማሌው ሙስሊም ዑመር ሰመተር ግን ከወልወል ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጎን ተዋግቷል። የግብፅ ቀይ ጨረቃ ሐኪሞችም ቁስለኞቻችንን ሊያክሙ መጥተዋል። በዚሁ በላስታና በዋግ በ1929 መጨረሻ ሕዝቡ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት ተነሣ። ጣሊያኖች ደጃዝማቹን አንገታቸውን ቀሉ። እምቢ ያለ ሰው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ የጣሊያን መልስ አንድ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? የውጭ ኃይል ቁስላችንን የሚነካው ሊያድነው ብሎ አይደለም፤ የሚገባበት በር ስለሆነለት ነው። ያንን በር የሚዘጋው ደግሞ ሠራዊት ብቻ አይደለም፤ በአገር ውስጥ የሚሰጥ ፍትሕ ነው። ጎረቤቱን በእምነቱ የበደለ ሰው ሳያውቀው ለባዕድ በር ከፈተ። የተበደለም ሰው ብሶቱን ለአገሩ ሸንጎ እንጂ ለወራሪ አያቅርብ። በላሊበላ ገበያ አብረን የምንሸጥና የምንገዛ፣ በለቅሶና በሠርግ የማንለያይ ሰዎች ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው፤ ክፉውንም ደጉንም ሳናስቀር።

አላህ ከበዳይነትም ከተበዳይነትም ይጠብቀን፤ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።