ብረቱን የሰጠ፣ መያዣውን ያልያዘ

እኛ ነጋዴዎች ሲሚንቶና ብረት በዱቤ ስንሰጥ «ሕንፃው ቆሞ እያለ ገንዘባችን የት ይሄዳል?» እንላለን። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ምክንያቱን ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1791፣ የዋሽንግተን ከተማ ስትቆረቆር፣ ሠርቶ ላልተከፈለው ግንበኛ በሠራው ሕንፃ ላይ የመያዣ መብት ሰጠች። ሐሳቡ ወደ ሌሎቹ ግዛቶች ተዛመተ፤ እያደርም ዕቃ አቅራቢውን ጨመረ።

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን ለሸጠና የጋራ ንብረት ለተካፈለ ሰው ከሕግ የሚመነጭ መያዣ ሰጠ። ግንበኛውንና ዕቃ አቅራቢውን ግን በዚህ ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ ለእኛ የቀረን በውል የሚቋቋም መያዣ ነው።

ይህ ውል ሁለት በር አለው። አንደኛው ቁጥር 1723 ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የዕዳው ልክም በኢትዮጵያ ገንዘብ ተለይቶ ይጻፋል። ሁለተኛው በር ሕንፃው ባለበት ቦታ ያለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ነው። እዚያ ካልገባ መያዣው አይሠራም፤ ከገባ ደግሞ ምዝገባው ለ10 ዓመት ይጸናል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ማኅተም ይዘን ሁሉም ያለቀ ይመስለናል።

ማኅተሙ ለይስሙላ አይደለም። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በቀረበለት የቤት ሽያጭ ክርክር፣ በ1723 መሠረት ያልተመዘገበውን ውል አላጸናውም።

በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 639 ለባንኮችና ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት የመያዣ ውል የ1723ን ምዝገባ አስቀረላቸው። ለነጋዴው ግን ግዴታው እንዳለ ቀረ። ባንኩ ቀድሞ ካስመዘገበ፣ ሕንፃው ሲሸጥ ቀድሞ የሚከፈለው እሱ ነው። መያዣ የሌለን እኛ ደግሞ ከተረፈው ላይ ከሌሎች ባለገንዘቦች ጋር እንጋፋለን።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ አባቶቻችን ይህን አውቀዋል። ስለዚህ ትልቅ ዱቤ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት ሕንፃው ቀድሞ በማን እንደተያዘ ከመዝገቡ እንጠይቅ፤ ውሉን አረጋግጠን ሕንፃው ባለበት እናስመዝግብ። ብረቱ ኮንክሪት ውስጥ ከገባ በኋላ ተመልሶ አይወጣም።