የበሽታ ዘመን ሥዕል

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ቀባሪ እስኪታጣ ድረስ ሕዝብ አለቀ፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው በጭንቅ ዳኑ። ያው በሽታ በቪዬና ከተማ ሠዓሊውን ኤጎን ሺሌን በ28 ዓመቱ ገደለው፤ ሚስቱ የሞተችው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። የኖርዌዩ ኤድቫርድ ሙንክ ግን በ1919 እ.ኤ.አ. ራሱን በሽተኛ አድርጎ ሣለ፤ ፊቱ ገርጥቶ፥ አፉ ተከፍቶ፥ ካልተነጠፈ አልጋ አጠገብ ተቀምጧል።

እኛ ያን ዘመን ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ በማቃጠል እናስታውሳለን፤ ጢስ ግን የሟቾቹን መልክ አያሳይም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአሶሳ ተማሪዎች ልጆች ነበርን፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በመተከል ብዙ ወገን ተገደለ። ስለዚህ እርሳስ የያዘ ሁሉ ያየውን ይሣል፤ ያልተሣለ ፊት ቶሎ ይረሳልና።