መንገዱ ከመኪና ይቀድማል



ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ እሑድ ልጆቹን ይዤ ወደ አዲስ ዓለም ብቅ ልል ነው። ሳይክላቸውን ብጭንላቸው የሚነዱበት ቦታ አለ? ወይስ መንገዱ የመኪና ብቻ ነው?» አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ወደ ታች አመጣዋለሁ። ሁለተኛው ግን ታሪክ ያስቆፍራል። ታውቁኛላችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቄ በሁለት መስመር መልሼ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ አለቀ። ያኔ ማገዶ ሲያልቅ ከተማውን ማዛወር እንግዳ ነገር አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክም ወደ ምዕራብ ተመለከቱ። ኤጀሬ በሚባለው አገር፣ ከአዲስ አበባ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በ1893 ዓ.ም አካባቢ በኮረብታው አናት ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። መናገሻው አልተዛወረም። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ለአዲስ አበባ ደረሰላት፤ ቤተ መንግሥት ይሆናል የተባለውም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ዛሬ ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን ማርያም የምንላት ናት። ግን አንድ ነገር ሳይቀር ቀረ፦ መንገዱ። ሁለቱን ከተሞች ለማገናኘት የተሠራው መንገድ በአገራችን ለጎማ ታስበው ከተሠሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

«ለጎማ ታስቦ» ስል ምን ማለቴ ነው? እስኪ ልብ በሉ። የሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያ ጥርጊያ መንገድ አያስፈልጋቸውም ነበር። በቅሎ ገደል ለገደል ትወጣለች፣ ድንጋይ ለድንጋይ ትረግጣለች። ጎማ ግን እንደዚያ አይችልም። ዳገቱ እንዲላላለት፣ ወለሉ እንዲደለደልለት፣ የክረምቱ ውሃ በጎን በቦይ እንዲወርድለት ይፈልጋል። የኛ አገር ጥቁር አፈር ደግሞ፣ ከአዲስ ዓለም አልፎ እስከ ጊንጪ ያለውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ተከስክሶ፣ ተደልድሎ፣ ተዳምጦ ካልተሠራ ጎማ አያልፍበትም። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባሉት አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ወደ አገራችን ያስመጡት በዚያው ዘመን ነው። ባቡር ያላየው ሕዝብ «የሰርኪስ ባቡር» አለው።

አሁን ቀኑን አስተያዩት። የአዲስ ዓለም መንገድ ሥራ የተጀመረው በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው ደግሞ በ1900 ዓ.ም፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለንጉሠ ነገሥቱ ይዟት መጥቶ። ስለዚህ መንገዱ መኪናን ይቀድማል! መኪና የመጣችው ለእግረኛ፣ ለበቅሎና ለጋሪ በተሠራ መንገድ ላይ ነው። በሰው አገርም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ጥሩ መንገድ ይሠራልን» ብለው መጀመሪያ ከጮኹት መካከል እ.ኤ.አ. በ1880 ማኅበር ያቋቋሙት ብስክሌተኞች ነበሩ። ለስላሳውን መንገድ የለመኑት እነሱ፣ ኋላ የወረሰው መኪና።

ሳይክል ራሷ በአገራችን የራሷ ታሪክ አላት። ማስረጃው አፋችን ላይ ነው። ጎማ፣ ፔዳል፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ እንላለን። ብዙው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ሰፈር ውስጥ ጎማ የሚለጥፈው ልጅ ሳያውቀው ታሪክ ያወራል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት፣ በ1949 ዓ.ም በሜልቦርን፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ባሕር ዳርን ያየ ደግሞ ያውቃል፤ ከተማው ሜዳ ሲሆን ሳይክል የተማሪውም የሠራተኛውም ነው።

ታዲያ የኛ ልጆች የት ይንዱ?

ዋናው አስፋልት ላይ እንዳታስቡት። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ የሚሄደው ከባድ መኪና ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ሲኖትራክ ከኋላ ክላክስ ሲያደርግ የስድስት ዓመት ልጅ ደንግጦ የሚታጠፈው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ መሐል ነው። ከአስፋልቱ ግባ ብላችሁ በገጠር መንገዱ ሂዱ። እኔ የልጅ ልጆቼን የምወስዳቸው ከቅዳሴ መልስ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ መሬቱ ደርቆ አቧራው ገና ሳይነሳ ነው። ጤፉ ዳርና ዳር ቆሞ ነፋስ ሲያስተኛው ማየት ራሱ ይበቃል።

ቦታ ስትመርጡ የድሮዎቹ መንገድ ሠሪዎች የፈለጉትን ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የላላ ዳገት፣ የተደለደለ ወለል፣ ውሃ የማይተኛበት። ለጋሪ የሚመች ለልጅም ይመቻል። መሄጃው ትንሽ ዳገት ቢኖረው፣ መመለሻው ቀለል ያለ ቁልቁለት ይሁን፤ ልጅ የሚደክመው ሲመለስ ነውና። ኮርቻውን ዝቅ አድርጉላቸው፣ ሁለቱም እግር መሬት ይንካ። ፍሬኑን ሳትነሱ ሞክሩት። ትልቅ ሰው ከኋላ ይሁን፣ ትንሿ ከፊት ሆና ፍጥነቱን እሷ ትወስን። ቆሎና ውሃ ያዙ። ሳይሰለቻቸው ተመለሱ፤ «ገና ነን!» እያሉ የተመለሱ ልጆች በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው ይቀሰቅሷችኋል። ደግሞ መንገድ ላይ ላገኙት አባት ሁሉ «አካም ቡልታን» እንዲሉ አስተምሯቸው። በሳይክል የሚሄድ ልጅ ሰላምታ ሰጥቶ ሰላምታ ይቀበላል፤ በመኪና መስኮት ግን ይህ አይገኝም።

ይህ ሁሉ ግን ቤተሰብ ለብቻው የሚወጣው አይደለም። በ2011 ዓ.ም አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ብለው የወሩን የመጨረሻ እሑድ መንገድ ለመኪና ሲዘጉ ምን እንዳየን አስታውሱ። ሕፃናት በአደባባይ ሳይክል ሲማሩ፣ አባት ኮርቻ ይዞ አብሮ ሲሮጥ፣ ሳይክል አከራይ ወረፋ ሲያበዛ። ልጆቹ ፍላጎት አጥተው እንዳልነበረ፣ ያጡት ቦታ እንደነበረ ያን ቀን ታየ። ዛሬ በብስክሌት የምትታወቀው ሆላንድም ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ400 በላይ ሕፃናት በመኪና አደጋ ሞተውባታል። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። መንገዱ ለልጅ ያመቸው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ተጠይቆ የመጣ ነው።

የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞችም እየደረሰ ነው። አዲስ ዓለም፣ ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በየስብሰባው ስትጠየቁ ስለ መብራትና ስለ አበባው ብቻ አትናገሩ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሜዳማ የልጆች መንገድ ጠይቁ። እሱ ቢዘገይ እንኳ በወር አንድ እሑድ፣ ጠዋት ለሦስት ሰዓት፣ አንድ መንገድ ለመኪና ይዘጋልን በሉ። ወጪው ጥቂት ገመድና ሁለት ደንብ አስከባሪ ነው። ማንም «መንገድ የመኪና ነው» ካላችሁ ደግሞ ታሪኩን ንገሩት።

በየከተማችሁ ለልጆች የሚመች መንገድ የምታውቁ፣ ከታች ጻፉልን፤ ሌላው ወላጅ ይጠቀምበት። ሰላም ዋሉ።