አሮጌ መኪና በአቀበት ላይ ሲግል

ከይፋት ቆላ ወደ ደጋ የሚወጡት መንገዶች፣ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበርም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር፣ የአሮጌ መኪናን ማቀዝቀዣ ይፈትናሉ። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ በራዲያተሩ የሚያልፈው ነፋስ ግን ጥቂት ነው።

ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በ3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ። የራዲያተር ክዳን ግፊትን አምቆ መፍላቱን ያዘገያል። ስለዚህ ጎማው ያረጀ ክዳን ጉድለቱ ቆላ ላይ ሳይታወቅ አቀበቱ ላይ ይገለጣል።

መለኪያው ወደ ቀይ ሲጠጋ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። ራዲያተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑ ፈጽሞ አይከፈትም፤ የታመቀው የፈላ ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ምክንያቱን ለመለየት፦

• ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ ብቻ የሚግል ከሆነ ቬንትሌተሩና ቺንጋው ይፈተሹ።

• በአቀበት ወይም በፍጥነት ሲሄድ የሚግል ከሆነ የራዲያተሩ መደፈን፣ የክዳኑ ማርጀትና የቴርሞስታቱ አለመከፈት ይታይ።

• ፍሳሽ ሳይኖር ውሃው እየቀነሰ ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ የማኪያቶ መልክ ከያዘ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላ አልቀረም። መኪናው እየተጎተተ ወደ ጋራዥ ይወሰድ እንጂ አይነዳ።