«ስታቱስ ኮ» ስለሚባለው ቃል

ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የመጣ ምእመን ስለ ቅዱሳት መካናት ክርክር ሲነገር «ስታቱስ ኮ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይመለስም። እንግሊዞች እንደ ገዛ ቃላቸው ይናገሩታል፤ ሥሩ ግን ላቲን ነው። በላቲን «ስታሬ» መቆም ሲሆን፥ ከእርሱ የወጣው «ስታቱስ» አቋም ማለት ነው፤ አማርኛውም «አቋም» ያለው ቆመ ከሚለው ግሥ አውጥቶ ነው። «ኮ» ደግሞ በግእዝ «ዘቦቱ» እንደሚባለው፥ «ያለበት» ማለት ነው።

የጥንቱ አነጋገር ከዚህ ይረዝም ነበር። የውል ጸሓፊዎች ነገሩ ሁሉ «ከጦርነቱ በፊት በነበረበት አቋም» ይሁን ብለው ይጽፉ ነበር፤ ሲያጥር ግን «በፊት» የሚለው ተቈርጦ ቀረ። ፈረንሳዮች «በ» የሚለውን አገባብ ትተው ያስከተለውን መድረሻ በመጠበቅ «ስታቱ» ሲሉ፥ እንግሊዞች ባለቤት አድርገው «ስታቱስ» አሉት። ይህስ የሰዋስው ነገር ነው። የጊዜው መቈረጥ ግን ቀላል አይደለም፤ ከመቼ በፊት የነበረ አቋም እንደሆነ ቃሉ አይናገርምና።

በኢየሩሳሌም ጊዜውን የወሰኑት የቱርክ ሡልጣኖች ናቸው። በ1757 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የተሠራውን ሥርዓት ሡልጣን አብዱል መጂድ በ1852 በፈርማን አጸኑት፤ የ1878 የበርሊን ውልም በ62ኛው አንቀጽ ስታቱስ ኮው እንዳይነካ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ቀንዲል መስቀልና ጣራ መጠገን እንኳ የባለቤትነት ምስክር ሆኖ ይቈጠራል። ስለዚህም በ1947 እንግሊዞች በብረት የደገፉት የጌታ መቃብር ሕንጻ ሦስቱ ማኅበራት ተስማምተው እድሳቱ የተጀመረው በ2016 ነው።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ባለው በዴር ሡልጣን ደግሞ የቃሉ ክብደት ይብሳል። ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ይኖሩበታል፤ ግብጻውያን ግን ርስቱ የእኛ ነው ይላሉ። በ1970 በትንሣኤ ሌሊት የቤተ ጸሎቶቹ በሮች ቍልፍ ተለወጠና ኢትዮጵያውያን ያዙት። በ1971 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቍልፉ ለግብጻውያን ይመለስ ብሎ ፈረደ፤ ነገር ግን የባለቤትነቱን ክርክር መርምሮ መወሰኑን ለመንግሥት ተወለት፤ ቍልፉም አልተመለሰም። ሁለቱም ወገኖች የሚጠሩት ያንኑ የላቲን ቃል ነው። ግብጻውያን «በፊት» ሲሉ ከዚያች ከ1970 ሌሊት በፊት ማለታቸው ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሲሉ ግን መነኰሳቱ በወረርሽኝ ካለቁበት ከ1838 በፊት ማለታቸው ነው።