ከጌትነት ወደ ጭቃ ቤት

ስለ አምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ በጋይንትና በስማዳ ከአያቶቻችን ብዙ ሰምተናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ከድል በኋላ በአገራችን ስለ ቀሩት፥ ቀድሞ ጌቶች ተብለው ኋላ ስለ ደኸዩት ኢጣልያኖች ነው።

የፋሺስት መንግሥት ነጭ ከጥቁር ጋራ እንዳይቀላቀል በብርቱ ይከለክል ነበር። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋራ እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣልያዊ እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። በአዲስ አበባም ለወገኖቹ ካዛንቺስንና ፖፖላሬን ሲሠራ፥ ለአገሬው ሕዝብ በምዕራብ በኩል ሌላ ገበያና ሰፈር ለየ። ይኹን እንጂ ከኢጣልያ የመጣው ሠራተኛ እጅግ ብዙ ስለ ነበረ ቤቱ አልበቃም፤ ድኻው ኢጣልያዊ በአገሬው ጎጆ ተከራይቶ ተቀመጠ። ሹሞቹ የፈሩትም ይህንኑ ነው። ነጭ ደኽይቶ ከታየ ማን ጌታ ይለዋል?

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። በዚያው ዓመት ክረምት የደብረ ታቦሩ የኢጣልያ ጦር፥ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔራል ናሲ በጎንደር እጃቸውን ሰጡ። እንግሊዞች ብዙውን ወንድ በምርኮ ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች ግዛቶቻቸው ወሰዱ፤ በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. ከምሥራቅ አፍሪካ 28 ሺሕ ያኽል ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሎች በመርከብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ባለ እጅ የኾኑት እንዲቀሩ ይፈልጉ ነበር፤ ተደብቀው የቀሩም አሉ።

ከቀሩት መካከል ሀብት ያገኙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን በጋራዥ፥ በአናጢነት፥ በግንበኝነትና በከባድ መኪና ነጂነት እንጀራቸውን ፈለጉ። ከኢትዮጵያዊት ሚስት ጋራ በጭቃ ቤት የሚኖረውን የገዛ ወገኖቹ «ኢንሳቢያቲ» ይሉታል፤ በአሸዋ የሰጠመ ማለት ነው። እኛ እንደምናስበው ግን፥ በችግሩ ቀን እንጀራ ያበላችው ሴት አሸዋ አይደለችም!

ይህ ነገር በሌላም አገር ታይቷል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው የካርኔጊ ኮሚሽን ጥናት፥ ከ1.8 ሚሊዮን ነጮች 300 ሺሕ ያኽሉ እጅግ ድኾች መኾናቸውን ገለጸ። መንግሥታቸው ሥራን ለነጭ በሕግ እየለየ አነሣቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ግን፥ በክሩገርስዶርፕ ከተማ በኮሮኔሽን ፓርክ ድኾች ነጮች በድንኳን ሰፍረው ታዩ። በአገራችን የቀረውን ኢጣልያዊ የሚያነሣ እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም፤ ያነሣው ሙያውና ጎረቤቱ ነው።

ከኹሉ የከፋው የልጆቹ ነገር ነበር። በግንቦት 1932 ዓ.ም. የወጣው የፋሺስት ሕግ፥ ኢጣልያዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጠው ከለከለ። አባታቸው የሄደባቸው ብዙዎች በእናታቸው እጅ አደጉ። በእኛ ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራልና፥ አንዳንዶቹ የእናታቸውን አባት ስም እንደ አባት ስም ያዙ።